ልብስ የማይደርቅበት ወር

የእህቴ ባል ላውንደሪ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተበጠሰ ቁልፍ እተክላለሁ። መርፌ የያዘ ሰው ፊት ማንም ወሬውን አያቋርጥም፤ ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ታላቄን እታለም እላታለሁ፤ ልብስ ትቀበላለች፣ ታስረክባለች። ባሏን ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ከካውያው አይለይም። ጠዋት እንፋሎቱ ሲነሳ ሦስታችንም ደመና ውስጥ የምንኖር እንመስላለን። የተሰቀሉት አንሶላዎች ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ የገዛ ድምፃችን ከሩቅ የሚመጣ ይመስለናል።

ሰኞ ዕለት ልጃቸው በዚያ ደመና መሀል ገባች። የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው የምትሠራው። ቢሮው ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው የሁለት ሰው ጉዞ ዘንድሮ ለእሷ ደርሷታል፤ ወደ አንዲት ደሴት፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ወደማይለያት።

«ወሩን ብቻ ምረጡልኝ» አለች። «እስከ ቅዳሜ ካላስመዘገብኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

እታለም ባሕር አይታ አታውቅም። የያዘችውን ሸሚዝ እንኳ ሳታስቀምጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ወራቱን ነገረቻቸው። በደረቁ ጊዜ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ሥሩ ያለው አሸዋ ሳይቀር ይታያል፤ ሰው ግን ይበዛል። ከዚያ ነፋሱ ይመጣል፤ ሙቀቱ ይቀላል፣ ማዕበሉ ይነሳል። በመጨረሻ ዝናቡ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ።

«ዝናቡን እንኳ ተዉት፤ እኔ በዚያን ጊዜ ደንበኛ አልልክም» አለች።

ጋሼ ቀና አላለም። «በደረቁ ወራት እኛ ጋ ሠርግ ነው። የሙሽራ ቀሚስ ለማን ጥዬ?»

«በነፋሱስ፣ አባዬ?»

«ነፋስ አቧራ ነው። ያጠብሽውን መልሰሽ ታጥቢያለሽ።»

«በዝናቡስ?»

«በዝናብ ደግሞ ምን ይደርቃል?»

እታለም ዞር ብላ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ልብስ ልናሰጣ ነው እንዴ የምንሄደው?»

ሳቅን። እሱም በእንፋሎቱ ውስጥ ፈገግ ሲል አየሁት። ለዚህ ሰው ሰማይ ማለት ልብስ የሚያደርቅና የማያደርቅ፣ በቃ ይኸው ነው።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። እታለም ወር ታነሳለች፣ እሱ ሰበብ ያወጣለታል። አንሶላ ስናጥፍ እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እናራግበዋለን፤ ነጩ ጨርቅ ተነፍቶ ወደ ላይ ይወጣና በዝግታ ይወርዳል።

«ማዕበል እንዲህ ይሆን?» ትለኛለች። እኔስ በምን አውቄ። ደግመን እናራግበዋለን።

ሐሙስ ላይ ሳቋ አለቀ። «ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቆርጫለሁ። ግን እሱን ጥዬ ከሄድኩ፣ ስመለስ የድሮዋን አያገኛትም።»

ደነገጥኩ። መካሪ አይደለሁም። ጌታ ሆይ፣ የምናገረውን ባትሰጠኝ ዝም ማለቱን አትንሳኝ አልኩ በልቤ፣ ክሩንም አስገባሁ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ወረደ፤ መብራትም ጠፋ። ካውያው ቀዘቀዘ። በዚያ ውሃ የሚመጣ ደንበኛ የለም። ጋሼ መንጎራደድ ጀመረ። ማንጠልጠያዎቹን ደረደረ፤ እንደገና ደረደራቸው። ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለ።

«ቁጭ በል» አለችው እታለም።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም። ቁጭ በል ነው ያልኩህ።»

ከጎኗ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖራቸው፤ ሰው እንዳስቀመጠው የአደራ ዕቃ ነበር የሚያያቸው። መስታወቱ ላይ ውሃው ይንቆረቆራል፤ መንገዱ፣ ዛፉ፣ የማዶው ሱቅ ሁሉ ሟሙተው ወደ አንድ ነገር ተለውጠዋል።

«እዚያ ሄደን ምን እናወራለን?» አለ በመጨረሻ።

«ማለት?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ያወራነው ስለ ኮሌታ ነው። ሥራ የሌለበት ቦታ ወስደሽ ታስቀምጪኛለሽ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ታይኛለሽ። ከዚያ፣ ይህን ዱዳ ነው ለካ ያገባሁት ትያለሽ።»

መርፌዬን አቆምኩ። እታለም የሚመጣላትን መልስ ስትመርጥ ታየኛለች።

«እንግዲህ ስለ ኮሌታ እናወራለና» አለች። «እኔ ኮሌታ ሰልችቶኛል ብዬሃለሁ?»

እሱም በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ጉድ ፈላ ብዬ ጠበቅኩ፤ ግን ዝምታው አልከበደም። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይናገርላቸው ነበር። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ላውንደሪው እንዳለ ከመሬት ተነስቶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ፤ ጎረቤት ሳያየን፣ ወደብ ሳንጠይቅ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

«ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው አይደል ያለችው?» አለ ጋሼ።

«አዎ።»

«ጠዋት ባሕርሽን ታሳዪኛለሽ። ከሰዓት በኋላ እንደዚህ እንቀመጣለን።»

እታለም ስልኳን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። ልጅቷ ጋ ደወለ። «በዝናቡ ወር አስመዝግቢን» አላት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ መጥፎው ወር ነው። ከክፍላችሁ አትወጡም።»

«ይሁና።»

«ምን ልትሠሩ ታዲያ?»

በዚህ መሀል መብራት መጣ። የካውያው ቀይ መብራት በራ፤ እንፋሎቱ ማፏጨት ጀመረ። ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ እሱን ንቀይልኝ» አለኝ።

ተነስቼ ካውያውን ነቀልኩት።