ኩንታል ተኩል

በእህል መጋዘኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲመዝን ጫኝና አውራጆቹ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ኩንታል ተኩል» ነበር የሚሉት። ይህ ስም የወጣለት ገና በጉብዝናው፣ በቀልድ ትልቁ የጆንያ ሚዛን ላይ አቁመውት ልክ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሲመታ ነው። ያኔ አብሯቸው ስቋል። አሁን ግን ስሙ ራሱ ከሲታ ሆኖበታል፤ እሱ መቶ ስልሳ ስምንት ገብቷል።

ታላቅ ወንድሙም እንደሱው ግዙፍ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላው በሳምንቱ ተኛና በዚያው ቀረ። በእንቅልፉ ጉሮሮው ተዘግቶ ነው አሉ። ኩንታል ተኩልም ሲተኛ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ ሚስቱ እየነቀነቀች ትመልሰዋለች። ሃምሳ ሁለት ሊሞላው ሰባት ወር ሲቀረው፣ ጨጓራውን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና እንዳለ ሲነግሩት ሁለቴ አላሰበም።

ሐኪሙ ግን እንዲህ አለው፦ «ጉበትዎ በስብ አብጧል። እሱ ካልሟሸሸ ቀዳጁ መንገድ አያገኝም። የሚያደነዝዙዎት ባለሙያም ከመቶ ሃምሳ በላይ ከሆኑ አይነኩዎትም። ሦስት ወር አለዎት። ቡድኑ የሚመጣው በየስምንት ወሩ አንዴ ነው፤ ይህ ካለፈዎት ያው መጠበቅ ነው።»

«ስሜን ሳክል ይቀድዱኛል ማለት ነዋ!» አለ ቤቱ ገብቶ። ሚስቱ አልሳቀችም። ድስቱን አውርዳ የጎመን ሾርባ መሥራት ጀመረች።

በየቅዳሜው ተመዝኖ ለነርሷ በስልክ እንዲነግር ታዟል። የቤት ሚዛን መቶ ሃያ ላይ ያበቃል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው። እሱን የሚችለው የጆንያው ሚዛን ብቻ ነበር። ቅዳሜ የመጋዘኑ በር ሲዘጋ፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ የሚሉት የጫኞቹ አለቃ ሚዛኑን ጠርጎ፣ አስተካክሎ ይጠብቀዋል። ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። የኩንታል ተኩል ግራ ጉልበት ስለማይታመን መውጣቱም መውረዱም በሽቦ ትከሻ ነው። ሽቦ ሊያነብለት ሲሞክር ግን «ወዲያ በል! መዛኝ በሰው ዓይን አያነብም» ይለውና አንገቱን ጠምዝዞ ራሱ ያነባል።

የመጀመሪያው ወር ደህና ሄደ። በሾርባና በተቀቀለ እንቁላል መቶ ሃምሳ ሰባት ገባ። ከዚያ ቀጥ አለ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መቶ ሃምሳ ሰባት! በሦስተኛው ከሚዛኑ ወርዶ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ።

«ተወው ሽቦ። ሥጋዬ እምቢ ብሏል። ሞቱ ካልቀረልኝ ጠግቤ ልሙት።»

«አፍህን ዝጋ አንተ ሰውዬ! ያንተን ሬሳ ማን ሊሸከም ነው? ጫኞቼን ሁሉ በሁለት ፈረቃ ላሰልፍ?»

ኩንታል ተኩል ሊስቅ ፈለገና እንባው ቀደመው። ሽቦ ፊቱን አዞረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛኑ መቶ ሃምሳ አምስት አለ። ከዚያ ሃምሳ ሦስት። ከዚያ ሃምሳ አንድ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው መቶ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ኩንታል ተኩል እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ፈጣሪውን በልቡ አመሰገነ። ቀበቶው እርግጥ ከወር በፊት ከነበረበት ቀዳዳ አልተነቃነቀም። «ቀበቶ ምን ያውቃል» ብሎ አለፈው።

ሚስቱም ያን ዕለት «ግማሽ ዳቦ አይገድልህም» አለችው። እውነትም አልገደለውም። በማግስቱም ደገመ። ከደረሰ ሰው ጋር ማን ይጣላል?

በቀጠሮው ቀን ነርሷ «ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁ» አለችውና ወለሉ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ሚዛን አሳየችው። ወጣ። መቶ ሃምሳ አምስት አለ።

«ኮቴ ነው፣ የኔ ልጅ» አለና አወለቀው። መቶ ሃምሳ አራት። ቀበቶውን ፈታ፤ ያው ነው። «እስቲ አንዴ አጥፍተሽ አብሪው።» አጥፍታ አበራችው። መቶ ሃምሳ አራት።

የሚያደነዝዘው ሰውዬ መጥቶ ቁጥሩን አየ፤ እሱን አየ። «አዝናለሁ ጋሼ። ብቀበልዎ የምገድልዎ እኔ ነኝ» አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ከእሱ ጋር ዓይን ላለመጋጨት አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋን አንስታ ገባች። ሚስቱ አጥፋ ያመጣችውን ቢጃማ እንደታጠፈ መልሳ ያዘችው።

«ዳቦው ይሆን?» አለችው መንገድ ላይ።

«አምስት ኪሎ ዳቦ አላበላሽኝም። ሚዛናቸው ነው የተበላሸው።»

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ መጋዘኑን ከፈተ። የሆስፒታሉን ሚዛን ሊያሳፍር ነው የመጣው። መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን አየ። ዜሮው በጎኑ ባለችው ብሎን የሚስተካከለው ክንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሃያ ኪሎ የሚመዝነውን የመፈተሻ ብረት እያቃሰተ አነሳና ጫነበት። ልክ ሃያ። ሚዛኑ ጤነኛ ነው። ምሰሶውን ጨብጦ ወጣበት፣ አንገቱንም ጠመዘዘ።

መቶ ሃምሳ አምስት።

ከቤት ያመጣው ተስፋ ከእግሩ ሥር ከዳው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን ሳያይ አንድም ጆንያ መዝኖ አያውቅም። ለራሱ ግን፣ እያለከለከ ደርሶ በሽቦ ትከሻ ሲወጣ፣ በእነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ባዶውን አንዴም አላየም።

በሩ ተንቋቋ። ሽቦ ነው። ሚዛኑ ላይ የቆመውን ሲያይ ባለበት ደረቀ።

«አንተ... ሆስፒታል ተኝተህ አይደለም እንዴ?»

«ብሎኗን ስንት ዙር ነበር የምታዞራት?»

ሽቦ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ጨመቀው። «መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር። ልትተወው ነበር እኮ! አንዲት ቅዳሜ እንኳ ደስ ብሎህ ቤትህ ግባ ብዬ ነው። በሳምንቱ እውነቱን ባሳይህ ደግሞ ጨመርኩ ብለህ ልታብድ ነው። እስከ ቀጠሮው በእውነት ይደርስበታል አልኩ...»

«የሰው እህልስ?»

ሽቦ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ስትወርድ ወዲያው እመልሰው ነበር! በፈጣሪ! አንድ ጆንያ አልተዛባም። የዋሸሁት ላንተ ብቻ ነው።»

ኩንታል ተኩል ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ስድቡን ትቶ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ ክንድ መለሰ።

«እውነቱን ብታሳየኝ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ዳቦዋን አልነካትም ነበር።»

«በሚቀጥለው ጊዜ...»

«የሚቀጥለው የዛሬ ስምንት ወር ነው። እኔ ሃምሳ ሁለት የምሞላው የዛሬ አራት ወር ነው።»

ሽቦ ማስላት አላስፈለገውም። የታላቅየውን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ በሁለት ፈረቃ የሚለውን ቀልድም ያመጣው ከዚያ ቀን ነው።

ውጭ የመጀመሪያው መኪና ጡሩንባ ነፋ። መመዘን የሚጠብቅ እህል መጥቷል። ኩንታል ተኩል ሊወርድ ፈልጎ እግሩን አነሳና መልሶ ተከለው። ግራ ጉልበቱ አልቻለውም። ወደ ሽቦ ዞሮ ስለነበር ሲወጣ የጨበጠው ምሰሶ አሁን ከጀርባው ነው፤ እጁ አይደርስበትም።

ሽቦ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ ቀረበና እንደሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሰጠው።

ኩንታል ተኩል ያቺን ትከሻ ቁልቁል አያት። መኪናው ደግሞ ጮኸ። ሌላ የሚደገፍበት ነገር በአካባቢው አልነበረም። እጁን ጫነባት፤ ሽቦ ከክብደቱ ሥር ጥርሱን ነክሶ ቆመለት። መሬት ከደረሰ በኋላም እጁን አላነሳም። ዞሮ ባዶውን ሚዛን እያየ፣ የሚወዛወዘው ክንድ ቀጥ ብሎ እስኪረጋ ጠበቀ።