በአራት መዳፍ የቆመችው መኪና

አሮጌዋ የእንግሊዝ ሥሪት የስፖርት መኪና በጋራዡ መካከል ቆማለች። አዲሶቹ ጎማዎቿ ከጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ ሥር ወጣ ወጣ ስላሉ፣ የአባቷን ጫማ ተጫምታ ደጅ የወጣች ሕፃን ትመስላለች። መካኒኳ ግን ይህን አላየችም፤ ኮርታባት ነበር።

መኪናዋ የአባቷ ናት። በጎልማሳነቱ ገዝቶ፣ በእጁ ፈታትቶ በእጁ ገጣጥሟታል፤ ልጁንም ሙያውን ያስተማራት በዚህችው መኪና ላይ ነው። አምና ግን ሕመም መታው። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ሆነ፤ ሲጠሩት አይሰማም፣ ቢሰማም አርፍዶ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ በተከለለ ሜዳ ላይ፣ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ እንዲነዳ የፈቀደለት በቅርቡ ነው።

መካኒኳ ለዚያ ቀን ስጦታ እንዲሆነው አስባ፣ ቀጫጭኖቹን ባለሽቦ ቸርኬዎች አውልቃ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። በምትካቸው ሰፋፊ ባለዐሥራ አምስት ኢንች ቸርኬዎች ገጠመች። ስሌቷ እንከን አልነበረውም፦ ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢያድግም የጎማውን ጎን አሳጥራ ጠቅላላ ከፍታውን ጠብቃለች፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም አይዋሽም። ሰፊ ጎማ መሬት ይይዛል፤ መሬት የያዘ ደግሞ አይንሸራተትም። አባቷን ከዚህ በላይ ምን ሊጠብቀው ይችላል?

ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ አባቷ ሞተሩን አስነሣ፤ ፊቱ በራ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን መሪው እምቢ አለው። የዚያ ዘመን መሪ አጋዥ የለውም፤ የሚያዞረው የሰው ክንድ ብቻ ነው። ቀኙ ጎተተ፣ ግራው ተንሸራተተ፤ መኪናዋም አጥሩ አጠገብ ቆመች። እርሱም ሁለቱን እጆቹን ከመሪው አንሥቶ፣ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እንደሚያጋድም ሰው ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

«በቃ እናቴ» አላት። «ያን ወዳጄን ጥሪው፤ ቅዳሜ መጥቶ ይውሰዳት። ሽጥልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኖኛል።»

«አባዬ! አንዴ ሞክረህ?»

«መኪና የሚነዳት ትፈልጋለች እንጂ አቧራዋን የሚያራግፍላት አትፈልግም። እጄ ቁርጡን ነግሮኛል።»

እርሱ ወደ ቤት ገባ። እርሷ እዚያው ቀረች። ልጅ ሳለች ይነግራት የነበረው ቃል ያን ጊዜ ትዝ አላት፦ «ለጎማ ጎማ ሻጭ አይመሰክርም፤ ጠመኔ ጠይቂ።» ጠመኔ አምጥታ በፊት ጎማዎቹ ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አሠመረች፤ መኪናዋንም ጥቂት ገፍታ ተንበረከከች።

ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር ጠፍቷል። መዳፏን ዘርግታ ብትለካው ጎማው ተርፎ ወጣ። ለካ ያ ሁሉ ስፋት መሬትን ጨብጦ ሲይዝ፣ አባቷ በደከመ እጁ መሬቱን ራሱን ነበር የሚታገለው! ጎማውን ለመንገዱ ለካችው፤ ለእጁ ግን አልለካችውም።

በማግስቱ ባለሽቦ ቸርኬዎቹን ጭና ጎሚስታው ዘንድ ሄደች። ሰፈሩ «ትንፋሽ» ይለዋል፤ ኮምፕሬሰሩም እርሱም ሲናገሩ ያለከልካሉና።

«እነዚህን ጎማዎች አይጥ በልቷቸዋል እንዴ?» አለ ትንፋሽ፣ የተሰነጣጠቀውን ጎማ እየቆነጠጠ።

«ዕድሜ ነው። ባለዐሥራ አራት ኢንች፣ መቶ ስድሳ አምስት ስፋት ስጠኝ።»

«መቶ ስድሳ አምስት? ሰው ሁሉ ሰፊ ሲል አንቺ መኪናዋን ልታከሻት ነው? እህቴ፣ መቶ ሰማንያ አምስት ውሰጂ፤ እንደ ሽማግሌ መካከሉን ያዢ።»

«መካከሉ ለእኔና ለአንተ ነው። የሚነዳት አባዬ ነው።»

ትንፋሽ የቆነጠጠውን ጎማ ለቀቀ።

«ጋሼ ከሆኑማ…» ብሎ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀጫጭኖቹን አወጣ። «የውስጥ ላስቲኩን፣ ካላማዳሪውንም ጨምሪ። ባለሽቦ ቸርኬ አየር አይቋጥርም፤ በየሽቦው ሥር ሲያፈስ ትንፋሼ ያልቃል።»

ማታ አባቷ የጎማዎቹን ሽታ ተከትሎ ወደ ጋራዡ መጣ። አንዱን ቸርኬ በርጩማ ላይ አስቀምጣለት ነበር። በትንሽ መፍቻ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካ፤ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ከዚያ አንድ የደነዘዘ።

«ይቺ ላልታለች» አለ።

እርሷ አጠበቀችው። ደግሞ ነካው፤ ሽቦው እንደ ክራር ጠራ። አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻውን በእጅ ይታጠፋል፤ ሁሉም እኩል ሲወጠሩ ግን መኪናን ከነሰዎቹ ይሸከማሉ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን ገና እንደ ሰማችው ሁሉ ጆሮዋን ወደ ሽቦው አስጠጋች።

ዐርብ ጠዋት ባለሽቦዎቹን ቸርኬዎች ገጥማ፣ ሜዳው ላይ በጎማዎቹ ጥርስ ጠመኔዋን አሠምራ ከጎኑ ተቀመጠች። አባቷ ያንኑ መታጠፊያ ደረሰ። ቀኝ እጁ መሪውን ወሰደው፤ ግራው ዳር ዳር እያለ ተከተለ፣ አርፍዶም ቢሆን ደረሰ። የመኪናዋ ረጅም አፍንጫ ዞረ። አጥሩ በጎናቸው አለፈ፣ ሰማዩ ዞረ፣ ሜዳውም ዞሮ በፊታቸው ተዘረጋ። አባቷ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም። ብቻ ሌላ ዙር ዞረ፤ ከዚያም በተቃራኒው።

ሲቆሙ ወርዳ ከጎማው ፊት ተንበረከከች። ጎማው መሬቱን የሚነካበት ቦታ ላይ እጇን ብታሳርፍ፣ መዳፏ ሸፈነው። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ፍጥነት፣ አባቷም ከነዕድሜው የቆመው በአራት መዳፍ ላይ ነው! ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

«ምን ታያለሽ?» አላት ከመቀመጫው።

«መሬት እንዴት እንደምትይዝ።»

«ጥሩ። አሁን ተነሺና ወዳጄ ጋ ደውዪልኝ።»

ከመሬቱ ቀና አለች። «ምን ልበለው?»

«ቅዳሜ ይምጣ በይው» አለ፣ መሪውን በግራ አውራ ጣቱ እየዳሰሰ። «ሊወስዳት ግን አይደለም። ቁጭ አድርጌ አዞረዋለሁ።»