ከውጭ የሚዘጋ በር

ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለኛል፤ ሳልለካ ምንም ስለማልቆርጥ ነው። ሲያገባም ሙሽራዋን ለክቶ ነው ብለው ያሙኛል። ውሸታቸውን ነው፣ የለካሁት አልጋውን ነው። ሠላሳ ዓመት አናጢ ነኝ፤ ከሠላሳው ሃያ ስድስቱን የሠራሁት የመጋዘን በር ብቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ጉራዬ ያለቀው ባለፈው ዓመት ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ ከየገጠሩ የሸሸው ሕዝብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈረ። ታላቅ እህቴም ቤቷ ተቃጥሎባት ከአንዲት ልጇ ጋር እዚያው ገባች። እኔ ጋ ነዪ ብላት፣ «እንኳን ሰው፣ መጋዝህም ክፍልህ ውስጥ ተጣጥፎ ነው የሚያድረው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ሥራ ቦታዬ እየመጣች መላጊያዬን ቀምታ ጣውላ የምታበላሽ፣ ስቆጣት የምትስቅ። ሚስቴ ልጅ ሳንወልድ ነው የሞተችብኝ። እሷ ነበረች ልጄ።

የመጠለያው ኮሚቴ ስምንት ሽንት ቤት አስቆፍሮ በሮቹን ለእኔ ሰጠኝ። በአራት ቀን ጨረስኩ። ሁሉም ልክክ ብለው ይዘጋሉ፣ ነፋስ አያንኳኳቸውም። መቀርቀሪያዎቹን ግን ሁሉንም በውጭ በኩል ገጠምኩ። ለምን ብትሉኝ፣ እጄ የለመደው እሱን ነው። መጋዘን የሚዘጋው ከውጭ ነው። ውስጥ ያለው እህል ነው፤ እህል ደግሞ በር አይቀረቅርም።

ሐሙስ ቀን እህቴ ሥራ ቦታዬ መጣች።

«ወንድምዬ፣ በሮችህ ያምራሉ። ግን ከውስጥ መቀርቀሪያ የላቸውም እኮ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ከውጭ በሩን ትይዛለች።»

«ምን አለበት? ወሬም ይደርሳችኋል።»

«አትቀልድ። የግቢው ጠባቂዎች አስተያየታቸው አላማረኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ወታደሮቹ? ሊጠብቋችሁ የቆሙት?»

«ከማን እንደሚጠብቁን እንጃ» አለች።

የመለስኩላትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሠላሳ ዓመት በር ሠርቼ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው እትዬ? ሰኞ እመጣለሁ።» ስምንት መቀርቀሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰኞ ያልኩት ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም፤ ስለተናደድኩ ነው። ትንሽ ትጠብቅ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እህቴ ዱቄት ለመቀበል ተሰልፋ ሳለ ልጅቷ ብቻዋን ሽንት ቤት ሄደች። አንዱ ጠባቂ ተከትሏት ገባ። ጓደኛው ከውጭ ቀረቀረባት። በእኔ መቀርቀሪያ። ጩኸቷን ሰምተው የሮጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ውጭ የቆመው ጠመንጃውን አዞረባቸው። በሩ ደግሞ ከውስጥ ቢገፉት፣ ቢደበድቡት ንቅንቅ አይልም። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የቀረው የእሷ ነው።

የነገረችኝ ራሷ እህቴ ናት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ደጃፌ ላይ ቆማ ነገረችኝና «ሐሙስ ነግሬህ ነበር» ብላ ሄደች። ምነው በሰደበችኝ።

ከዚያ የሠራሁትን ስሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው እኔ ነኝ። እሑድ በጠዋት መሣሪያዬን ተሸክሜ ሄጄ ስምንቱንም የውጭ መቀርቀሪያ ነቀልኩ፣ ከውስጥ አዳዲሶቹን ገጠምኩ። የብሎኖቹን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለም ቀባሁበት። እያለቀስኩ እንኳ ልኬን አልሳትኩም። እዚያ በር ላይ የውጭ መቀርቀሪያ እንደነበረ ሰይጣንም ፈልጎ አያገኘውም። ልጅቷ ያንን ብረት ዳግመኛ እንዳታየው ብዬ ነው።

ረቡዕ ሦስት መርማሪዎች መጡ፤ መሪያቸው አንድ ሻምበል ነው። ልጅቷ እናቷን ተደግፋ ቆማለች። ሻምበሉ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን በአንድ ጣቱ ገፋው። ሸርተት አለለት።

«ከውጭ ተቀረቀረብኝ ብለሻል። የታለ የውጩ? የውስጡ ግን ይኸው። ካልፈለግሽው ለምን አልዘጋሽም?»

«አልነበረም» አለች። ድምጿ አይሰማም።

«አልነበረም!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። «እሑድ ነው የገጠምኩት! የውጩን የነቀልኩት እኔ ነኝ!»

«አንተ ማን ነህ?»

«አናጢው።»

«ለልጅቷስ?»

«አጎቷ።»

ሻምበሉ ፈገግ አለ። የበሩን ውጭ በመዳፉ ዳበሰው። «ቀዳዳ እንኳ የለውም እኮ» አለ። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ስቱኮውን ልፈረፍር ስል አንዱ ወታደር እጄን ያዘኝ፤ የመንግሥት ንብረት አታበላሽ አለኝ። የነቀልኳቸውን መቀርቀሪያዎች ከከረጢት አውጥቼ እግሩ ሥር ዘረገፍኩ። «ይሄማ ከየትም ይገዛል» አለ። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠየቁት፤ አላስታውስም አለ። ዱቄቱ የሚገባው በሻምበሉ ፈቃድ ነው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከጠፉ ሦስት ቀናቸው ነበር። የቀሩት ጠመንጃውን ያያሉ፣ መሬቱን ያያሉ። አልፈረድኩባቸውም። የልጅቷን እውነት በስቱኮ የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን አሳምሬ።

ማስረጃ የለም ተብሎ ተዘጋ። ጠባቂው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እዚያም መጠለያ አለ አሉ። በሮቹን ማን እንደሠራቸው አላውቅም።

አሁን እህቴና ልጇ የእኔ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እኔ ከመጋዞቼ ጋር ሥራ ቦታ አድራለሁ። ጓሮ ላለው ሽንት ቤት ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ ገጥሜለታለሁ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች። ልጅቷ ግን አታምናቸውም። እናቷ ከውጭ በሩን ካልያዘችላት አትገባም። ለእኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሥራ አንድ ወር ሆነ።

ባለፈው ማክሰኞ እህቴ ገበያ ሄዳ ቆየች። ልጅቷ ጓሮ በሩ ጋ ቆማ እግሯን ታፈራርቃለች። እኔ እዚያው ግቢ ጣውላ እየላግሁ ያላየሁ መሰልኩ፤ ምን ልበላት? ብዙ ቆይታ መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

«አጎቴ፣ በሩን ያዝልኝ።»

መላጊያውን ጥዬ ተነሣሁ። ገብታ ሁለቱንም ስትቀረቅር ሰማኋት። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በሁለት እጄ ወደ ኋላ ጨበጥኩት።

«አለህ?» አለችኝ ከውስጥ።

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አለህ አጎቴ?»

«አለሁ ልጄ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩላት። ወጥታ እጇን ታጥባ ወደ ቤት ስትገባ እኔ ገና በሩን እንደያዝኩ ነበር።