ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ መርፌ

መቶ አለቃው ኮቱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሲወረውረው የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ጉንዳን ቀና ብላ አላየችም። ማየትም አላስፈለጋት። ያ ኮት በጥቁር ቀለም ሲነከር ድስቱን ያማሰለችው እሷ ነበረች።

ጉንዳን ያሏት የስፌት ቤቱ ሴቶች ናቸው። ቁመቷ አጭር ሆኖ ሳለ ከራሷ የሚበልጥ የሱሪ ክምር ተሸክማ በመኪኖቹ መካከል ስትሽሎከሎክ አይተው ነው። ስፌት ቤቱ ከጦርነቱ በፊት የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ፍንዳታ እንዳይበትነው ወረቀት በመስቀለኛ ተለጥፎበታል። ከተማዋ ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራለች። ስፌት ቤቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋም፤ ከተማዋን የያዘ ሁሉ ሱሪ ያስፈልገዋላ።

እዚህ የሚሠራ የዳቦ ካርድ ያገኛል፣ የማይሠራ አያገኝም። ጉንዳን ቤቷ ተቃጥሎ፣ መርፌና ክር ማገናኘት እንኳ ሳታውቅ ነው የመጣችው። ያስተማረቻት ረጅሟ ናት። ከሰው ሁሉ ጭንቅላት በላይ የምትታየውን ይህችን ሴት ያገኘቻት በዳቦ ሰልፍ ላይ ነበር። "ማደሪያ አለሽ?" አለቻት ረጅሟ። "የለኝም።" "እንግዲያው አልጋዬ ሰፊ ነው፣ እግርሽ ካልቀዘቀዘ ነይ።" የጉንዳን እግር በረዶ ነበር። ረጅሟ ሌሊቱን ሙሉ ስትሳደብ አድራ፣ ጠዋት ካልሲዋን ሰጠቻት።

አራት ቀን አልጋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቅምቅማት፣ የልብስ ጠርዝ አጥፎ መስፋት፣ አስተማረቻት። ታዲያ ረጅሟ ግራ እጇን የምትጠቀም ሴት ናት። ይህን ከጉንዳን በቀር ማንም አያውቅም። ልጅ ሳለች አስተማሪዋ ጣቶቿን በማስመሪያ እየቀጠቀጠ ቀኝ አስለምዷታል። ሰው ፊት በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትፈርማለች፤ በስፌት መኪናዋ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ አይለይም። በሯ ሲዘጋ ብቻ መርፌው ወደ ግራ እጇ ይመለሳል። ጉንዳንም ያየችውን ቀዳች። መርፌውን በቀኟ ትይዛለች፣ መንገዱ ግን የረጅሟ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ። ሰው ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሰፋ እሷ ተቃራኒውን ትሄዳለች፤ ክሯም ወደ ሌላ ጎን ያጋድላል።

"አንቺ፣ መርፌሽ ነገር ረስቶ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው?" እያሉ ሴቶቹ ስቀውባታል። ቢሆንም ቅምቅማቷ አይፈታም። የወታደሩን ሱሪ እግር በሙሉ ለእሷ ተዉላት።

ከዚያ የረጅሟ ወንድም ከጦሩ ከድቶ መጣ። የሲቪል ልብስ ያስፈልገው ነበር፤ በገበያው ደግሞ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። ረጅሟ ከጣቃው ሁለት ሜትር ቆርጣ ሆዷ ላይ ጠቅልላ ወጣች። በሩ ላይ አንዷ አየቻትና "እሰይ! አረገዝሽልን እንዴ?" አለች። "ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል" ብላ ሳቀች ረጅሟ፤ ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። ኮቱን ክፍላቸው ውስጥ በግራ እጇ ሰፋችው። ጨርቁ ስላነሰ ታቹ ሳይቀመቀም ቀረ፤ ቅምቅማት የደረሰው ለእጅጌዎቹ ብቻ ነው። ወንድሟ ለብሶት ሄደ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።

አሁን ኮቱ ብቻውን ተመልሷል።

"ይህ ጨርቅ ከዚህ ቤት በቀር የትም የለም" አለ መቶ አለቃው። ድምፁን አላነሳም። "የለበሰው ሰው ኬላ ላይ ኮቱን እጃችን ላይ ጥሎ በሸሚዝ አምልጧል።"

ጉንዳን በዓይኗ ጠርዝ የረጅሟን ትከሻ አየች። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝቅ አለ። በሕይወት አለ ማለት ነው።

"እሱ ቢያመልጥ ሰፊው አያመልጥም። የጦሩ ልብስ ሰፊ እጅጌውን አይቶታል። ክሩ እንደ ሰው ስፌት አያጋድልም፤ ግልባጭ ነው ብሎኛል።" የጨርቅ ቁራጭ ለየአንዳንዳቸው እያደለ አለፈ። "በእጅ። አሥር አሥር ስፌት። እያየሁ።"

ጉንዳን አሁን ነገሩ ገባት። ረጅሟን ማንም አያገኛትም፤ በማስመሪያ የተማረችው ቀኝ እጅ አሥር ስፌት አያቅተውም። የሚገኘው የጉንዳን እጅ ነው። ሃያ ሁለት ሴቶችም ይህን ያውቃሉ። ሁሉም ስቀውበታል። አንዷ አፏን ብትከፍት በቃ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ማንም አልተናገረም። በመቁረጫው ጠረጴዛ ራስ ላይ እትዬ መቀስ ቆማለች፤ የስፌት ቤቱ አለቃ። ሁሉም የሚፈራት፣ የመኮንኖቹ ጆሮ ናት እየተባለች የምትታማ፣ ፈገግታዋን አይቶት የሚያውቅ የሌለ ሴት ናት። ጉንዳንን አየቻት። ከዚያ ኮቱን አየች። ከዚያ ደግሞ የጨርቅ ቁራጭ አንስታ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ መጥረግ ጀመረች።

ጉንዳን መርፌውን ከቀኝ በኩል ልታስነሳው ሞከረች። አንድ ወጋች። ሁለተኛው እንደ ሰከረ ሰው ተንጋደደ። ይህን ያየ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሱሪ የቀመቀመች ሴት ናት ይላል? በለመደችው መንገድ ከሰፋች ደግሞ ራሷን በገዛ እጇ ፈርማ ሰጠች። የመቶ አለቃው ጫማ ከኋላዋ ወለሉን እየረገጠ ይቀርባል፤ አንድ መኪና፣ ሌላ መኪና። እጇ ከጨርቁ በላይ ደርቆ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ማዶ ያየችው። ረጅሟ እያየቻት ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ቀስ ብላ፣ ሳህን እንደምታስቀምጥ ሴት ተጠንቅቃ፣ መርፌውን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ከንፈሯም ተላቀቀ፤ ልትጠራው ነው።

"ይሄ ስፌት የኔ ነው" አለች ጉንዳን።

የራሷን ድምፅ የሰማችው ከሌላው ሰው ጋር እኩል ነበር። ጫማው ቆመ።

"ያንቺ?"

"የኔ ነው፣ ጌታዬ። የእርስዎም ሱሪ እግር የኔ ነው። ይዩት።"

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ገለበጠ። ሌላ ቀን ቢሆን መኮንን በሴቶች ፊት ሲያጎነብስ ለአንድ ወር ይሳቅበት ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃም ሳይታዘዝ የራሱን ገለበጠ። በሁለቱም ላይ ክሩ ያው ግልባጭ ነበር።

"የሱሪ እግር ቅምቅማት የኔ ድርሻ ነው" አለች ጉንዳን፤ አሁን ማቆም አልቻለችም። "ከተማው ውስጥ ያለ ወታደር ሁሉ የለበሰው የኔን እጅ ነው። እጅጌውን ይዩት። የሱሪ እግር ቢሆንስ? አንዱ ሱሪውን ሸጦት፣ የገዛው የላይኛውን ስፌት ፈትቶ እግሩን እጅጌ አድርጎ ኮት ቢሰፋበትስ? ታቹ ቅምቅማት የለውም፤ እጅጌው ብቻ ነው ያለው። እኔ ብሰፋው ታቹን ለማን እተዋለሁ?"

መቶ አለቃው ኮቱን አንስቶ ታቹን አየ። ከዚያ ወደ እትዬ መቀስ ወረወረው።

"አንቺ ነሽ ቆራጯ። የሱሪ እግር ነው ወይስ አይደለም?"

እትዬ መቀስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። እጅጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። የሱሪ እግር ቢሆን ኖሮ የድሮ መርፌ ቀዳዳ ይገኝበት ነበር። ቀዳዳ የለም፤ ከጣቃው በቀጥታ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ጉንዳን ይህን ታውቃለች። እትዬ መቀስም ታውቃለች። አውራ ጣቷ ግን መሄዱን ትቶ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ቆመ።

"ነው" አለች። "ይኸው፣ የድሮ ቀዳዳ። ቀለም ውስጥ ስለተቀቀለ ተደፍኗል እንጂ፣ የሱሪ እግር ነው። የኮቱ አሰፋፍም ገልቱ ነው። እኔ ቤት እንዲህ የሚሰፋ ሰው የለም፤ ቢኖር አባርረዋለሁ።"

አውራ ጣቷን አላነሳችም። መቶ አለቃውም አንሺ አላላትም። ኮቱን ነጥቆ ክንዱ ላይ ጣለው፤ ወደ ጉንዳን ተመልሶ ከላይ ሆኖ አያት።

"ሰኞ አዲስ ጣቃ ይገባል። ቀለሙ ሌላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ሰው ትሰፊያለሽ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ጨርቅ ላይ እንዲህ ያጋደለ አንድ ክር ባገኝ፣ አንድ፣ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም።"

የመቶ አለቃው መኪና ከግቢው እስኪወጣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ መቀስ በመኪኖቹ መካከል አልፋ ረጅሟ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

"ጣቃውን የምለካው እኔ ነኝ" አለች፣ ለመርፌው እንደምትናገር ዝቅ ብላ። "ሁለት ሜትር። ያ ሽል በደህና ተገላገልሽ?"

ረጅሟ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

"ሁለተኛ እንዳታረግዢ። ምን ትገተራላችሁ ሁላችሁ? ሥራ!"

እሑድ ጠዋት ሁለቱ አልጋው ላይ እንደ ድሮው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በመካከላቸው የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ አለ። ረጅሟ በቀኝ እጇ ያዘች። ጉንዳን ያየችውን ልትቀዳ ሞከረች፤ መርፌው ግን ሳትነግረው ዞሮ ወደ ድሮ መንገዱ ገባ። ፈቱት። እንደገና ሞከረች። እንደገና ፈቱት። አንሶላው ወንፊት ሆነ።

"ለምን ቀደምሽኝ?" አለች ረጅሟ ድንገት። "ልናገር ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"የኔ ኃጢአት ነበር።"

"የሚያሞቀኝ ካልሲ ያንቺ ነው" አለች ጉንዳን። "አንቺ ከሄድሽ ይወስዱታል።"

ረጅሟ ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። ተነስታ ከጉንዳን ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፣ አገጯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ። "ያኔም እንዲህ ነበር መቀመጥ የነበረብን" አለች። የተቀጠቀጡ ጣቶቿን በጉንዳን ጣቶች ላይ ጫነች፤ መርፌውን ከቀኝ በኩል አስነሱት። አንድ። ሁለት። ክሩ እንደ ሰው ሁሉ ክር አጋደለ። ሦስት፣ አራት። ረጅሟ እጇን አነሳች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

መንገዱ ላይ የጭነት መኪና መጣ። ድምፁ ከቤታቸው በታች ሲደርስ ቀዘቀዘ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መኪናው ቆመ መሰለ። ከዚያ ማርሹ ተንቋቋ፣ ወደ ላይኛው ሰፈርም ወጣ።

ጉንዳን ወደ ጨርቁ ዝቅ አለች። ስምንተኛው ስፌት ተሰፍቶ ነበር። መቼ እንደሰፋችው አታውቅም። ወደ ድሮው ጎን አጋድሏል።

ረጅሟ መቀሱን አነሳች፣ ያቺን አንዲት ክር ቆረጠች። ሰኞ ነገ ነበር።

"እንደገና" አለች።