የመጀመሪያው መንፈቅ ነጥብ

ደግሞ ይስቃል፣ አምስት ለሁለት እያጫወትኳቸው መሀል ገብቶ ኳሷን ይነጥቅና ይስቃል፣ ሙጫ ያሉት ኳስ እግሩ ላይ ስለምትጣበቅ ነው፣ እኔ ፊሽካዬን ነክሼ ሰዓቴን አያለሁ፣ አስር ተኩል፣ ልምምዱ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ቀረው፣ አስራ አንድ ላይ ይሄን ልጅ ከነአባቱ ቢሮ አስገብቼ ከአካዳሚው ተሰናብተሃል ልለው ነው። እኔ። ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል።

ቀና በል ሙጫ፣ ኳሷን አትይ፣ ሰውየውን እይ! ለምን እንደማርመው እንጃ፣ አፌ ለምዶበት፣ እሺ ቲቸር ይላል፣ ሌሎቹ ኮች ነው የሚሉኝ፣ እሱ ብቻ ቲቸር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሒሳብ ስለማስተምረው፣ እዚህ የምመጣው ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ከሰዓት ነው፣ የትርፍ ሰዓት አሰልጣኝ፣ ደረቴ ላይ የክለቡ ዓርማ አለ፣ ከዓርማው ሌላ ምንም የለኝም። ዛሬ አርብ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የሚገቡት ልጆች ዝርዝር ዘበኛው እጅ ገብቷል፣ ስገባ ኮች ና እስቲ ይቺን እያት አለኝ፣ ሙጫ የለም፣ ተረስቶ ነው? አልተረሳም አልኩት፣ ዘበኛው ከንፈሩን መጠጠ፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን ዝርዝሩ ላይ የሌለ አያስገባም፣ አምና አንድ የተሰናበተ ልጅ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እስኪመሽ በሩ ላይ ሲያለቅስ አላስገባውም፣ ምን ላድርግ፣ እኔም ልጆች አሉኝ አለ፣ እውነቱን ነው።

እና ማን አስወጣው? እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ ዙሬ ዙሬ እዚችው ላይ ነው የምመጣው፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የአስተማሪ አመል ነው፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ነጥብ እሰስታለሁ፣ ለሰነፉማ አልሰስትም፣ ሰነፍ ይደነግጣል፣ የምሰስተው ለጎበዙ ነው፣ ዘጠና የሚገባውን ስልሳ እሰጠዋለሁ፣ ቆሽቱ እርር ይላል፣ ያጠናል፣ በሁለተኛው መንፈቅ የራሱን መልሼ እሰጠዋለሁ፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፣ ማንም አልሞተም። አምና ለራሱ ለሙጫ ሃምሳ ስምንት ሰጥቼው፣ ልጄ አንተ ለሒሳብ አልተፈጠርክም ብዬው ነበር፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ በማግስቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ በዓመቱ መጨረሻ ዘጠና አራት፣ ያን ቀን ኩራቴ ልክ አልነበረውም፣ ብልሃተኛው እኔ!

ብልሃቴን ይዤ እዚህ መጣሁ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ የተጫዋች መገምገሚያ ፎርም ላይ፣ ከአስር። ቴክኒክ አምስት፣ ፍጥነት አምስት፣ ውሳኔ አራት፣ ጠባይ ስድስት፣ ጠባይ እንኳ ስድስት፣ ለዚህ ልጅ! ልምምድ ሲያልቅ ኮን የሚሰበስበው ማን ሆነና? በፊት እኮ የሁለቱ መንፈቅ ፎርም አንድ ላይ ነበር የሚታየው፣ ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ መጣ፣ ኮምፒውተሩን ከብብቱ ስለማያወጣ ልጆቹ ላፕቶፑ ይሉታል፣ እኔ ፎርሙን ካስገባሁ በኋላ በመጀመሪያው ብቻ ይቆረጣል አለ፣ ከስድስት በታች አማካይ ያለው ይሰናበታል፣ አለቀ። ጎረቤት ሜዳ ላይ ያለው የኔው ብጤ ትርፍ ሰዓተኛ ፎርሙን ሻይ እየጠጣ ነው የሞላው፣ ለሁሉም ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ቀኝና ግራውን የማይለይ ተከላካዩ ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ነው፣ ስቄበት ነበር፣ ይሄ ደግሞ አሰልጣኝ ነኝ ይላል ብዬ።

ላፕቶፑ ጋ ሄጃለሁ፣ አልሄድኩም አይባልም፣ ያ ነጥብ የልጁ አይደለም፣ የኔ አመል ነው አልኩት፣ ዋሽተህ ነው የሞላኸው ማለት ነው? አለኝ፣ አይ፣ ቆጥቤ ነው፣ ነጥብ ይቆጠባል እንዴ ወንድሜ? ሜዳ ወርደህ አንዴ ብቻ እየው፣ አስር ደቂቃ አልኩት፣ አስር ደቂቃ ሲስተሙ ላይ አይገባም፣ ተዘግቷል፣ ፊርማው ያንተ አይደለም? የኔ ነው። በቃ። ለቦርዱ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፣ መልሱ አንድ መስመር ሆኖ መጣ፣ የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች በውሳኔ አሰጣጥ ላይ ድምፅ የላቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ ከእስክሪብቶ የወጣውስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ውሻው እኔ ነኝ። ደግሞ ንገራቸው የተባልኩትም እኔው፣ አንተ ትቀርባቸዋለህ አለኝ ላፕቶፑ፣ የሚነበበውን ወረቀት እየሰጠኝ።

አስራ አንድ ሊሆን አምስት፣ አባቱ መጣ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ወደ ሜዳ እንዲቀርበው ብሎ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ እዚህ ሰፈር አንዲት ጠባብ በረንዳ የተከራየ ሰው፣ ብብቱ ሥር የልምምድ ሰደርያዎቻችንን ይዟል፣ የተቀደዱትን ሰፍቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ማንም ሳያዘው፣ መምህር ቢጫዋ አንገቷ ላልቶ ነበር አጥብቄያታለሁ ይለኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ፊሽካ። ልጁ ኮኖቹን ይሰበስባል፣ ተወው ዛሬ እለዋለሁ፣ ምነው ቲቸር?

ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አምና የወሰድነው ዋንጫ አቧራ ለብሶ። አነባለሁ፣ ቀና ሳልል፣ ክለቡ ተጫዋቹ እስካሁን ላሳየው ትጋት ምስጋናውን እየገለጸ በቀጣይ አብሮት ለመሥራት የማይችል መሆኑን ያሳውቃል። አባትየው ሰደርያዎቹን ጭኑ ላይ ያለሰልሳል፣ ያለሰልሳል፣ ምን አጠፋ መምህር? ልጄ ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም ጋሼ፣ ታዲያ? ታዲያማ እኔ ነኝ፣ በለው፣ በላ በለው፣ እኔ ነኝ በለው።

ቲቸር፣ ፎርሙን የሞሉት እርስዎ ነዎት?

አዎ ልጄ። ስንት ሰጡኝ? አምስት፣ ገደማ። ልጁ ያየኛል፣ ረጅም ጊዜ ያየኛል፣ አሁን ያለቅሳል፣ ይሰድበኛል፣ ይስደበኝ፣ ቢሰድበኝ ይቀለኛል፣ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ይፈታል፣ እንዴ፣ ፈገግ እያለ ነው፣ ወደ አባቱ ዞሮ ክንዱን ይነካዋል፣ አባዬ አትደንግጥ፣ ቲቸርን አታውቃቸውም፣ መጀመሪያ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ አምናም ለሒሳብ አልተፈጠርክም ብለውኝ አልነበር? እንድበረታ ነው፣ ገብቶኛል ቲቸር፣ ውሳኔ ላይ ነው አይደል፣ ኳሷን ቶሎ አልለቅም፣ አሻሽላለሁ።

አባትየው ወደኔ ይዞራል፣ ትንፋሹ ሲመለስ አያለሁ፣ ትከሻው ሲወርድ፣ እንዲህ ነው እንዴ መምህር፣ አይ እርስዎ፣ ልቤን አጠፉት እኮ፣ ይስቃል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ አይደለም በል፣ የዛሬው እንደዚያ አይደለም በል፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ረጥቧል፣ በመስኮቱ በሩ ይታየኛል፣ ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያነባል፣ ሰደርያዎቹን አባትየው ጠረጴዛው ላይ በቀለም በቀለም ይደረድርልኛል፣ ልጁ ተነሥቶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያደረገ፣

ሰኞ ያው አስር ሰዓት ነው አይደል ቲቸር?

አስር ሰዓት፣ እላለሁ።