ብሩሿ እስካልወረደ

መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። ከመስኮቱ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ በሩ፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ። ሠዓሊ ሲባል ረጋ ያለ ፍጡር የሚመስለው ካለ ይምጣና ይቺን ይያት! አሥራ ሁለት ሥዕል ጨርሳ፣ ከአሥራ ሦስተኛው ጋር ሦስት ወር ሙሉ ስትነታረክ ከርማለች። የሥዕል ትርኢቱ አዳራሽ ሰዎች ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ሊወስዱት ነው። የሸራው መሃል ግን አሁንም ባዶ ነው።

ጃዝ ካልሰማች እጇ አይታዘዝላትም። ከሸክላም ከሬዲዮም አይሆንላትም፤ ታላቅ ወንድሟ እዚያው ክፍል ቆሞ ሳክስፎኑን ሲነፋላት ብቻ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። እሱ ዓይኑን ብሩሿ ላይ ተክሎ ይነፋል፣ እሷ ጆሮዋን ሰጥታ ትቀባለች፤ ብሩሹ ሲቀመጥ እሱም ያቆማል። አንድም ቀን ከዚያ አልፎ ነፍቶ አያውቅም።

ዛሬ ታዲያ ጉንጩ አብጦ መጣ።

"ምን ሆንክ ጋሼ?"

"ሐኪሙ ነገ የፊት ጥርሶቼን ሊነቅላቸው ነው። ድድህ ሊይዛቸው አልቻለም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳክስፎን የሚባል ነገር እርሳው አለ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አመመው መሰለኝ ተወው። "በድድ የሚነፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ ሚጣ?"

ሃምሳ ደፍናም ለእሱ ሚጣ ናት። ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እንግዲያው ቶሎ እንጀምራ!" ጉድ እኮ ነው! ወዲያው አፈረች፤ ሰዓቷን ከማየት ግን አልተመለሰችም።

ጀመረ። መጀመሪያ እያቃሰተ፣ ቀስ ብሎ፤ ኋላ ሕመሙም ትዝ አላለውም። ዜማውን ይዞ ሮጠ፣ ጥሎት ዞረ፣ ካልታሰበ ቦታ ብቅ ብሎ ያዘው። እጇም ተከተለው። ቀዩን ረጨችው፣ ሰማያዊውን በመዳፏ ጎተተችው፤ ሦስት ወር እምቢ ያላት ቦታ በሩብ ሰዓት እሺ አለ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቢጫ ጣል አደረገችበትና ራቅ ብላ አየችው። አለቀ። ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ብታርፍበት ይበላሻል። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሠርታ አታውቅም።

ብሩሹን ልታስቀምጥ ዞር ስትል አየችው። ላብ አጥምቆታል፤ በከንፈሩ ጥግ ቀጭን ደም ይወርዳል። ዓይኑ ግን ብሩሿ ላይ ነው፤ እንዳታስቀምጠው እየለመናት ነው። አንጀቷን በላው። ደረቅ ብሩሽ እንዳታወዛውዝለት፣ ሃያ ዓመት እጇን ያየ ሰው በዚህ አይታለልም።

በሩ ተንኳኳ። ሰዎቹ መጥተዋል።

"ጠብቁ፣ ገና አላለቀም!" ብላ ጮኸች። ብሩሿን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረችና በዚያ በሚያምረው ቢጫ ላይ ሳበችው።