የመርፌ ግራ ክንድ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለሚዋጋ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ «ሱሪው መች ረዘመና፣ አንተ ነህ ያጠርከው» ትለዋለች፤ ሰውየውም እየሳቀ ይሄድና በሌላ ሱሪ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የስንቱን እጅጌ ለክታለች፣ የስንቱን ቦርጭ በብልሃት ሸፍናለች፤ ሁለት ልጆቿንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚያችው ሱቅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጨርቅ የያዘችበት ግራ እጇ ከዳት። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀለል ያለ ስለነበር በሁለት ወሩ እጇም እግሯም ተመለሰላት፤ ጎረቤቱም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሎ ሄደ። መዓቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ወር ግራ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ፍም የተደፋበት ያህል ይነድ ጀመር። ንፋስ ሲነካው ይብሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የፈላ ይመስላታል። ከሁሉ የከፋው ግን ጨርቅ ነበር። ዕድሜዋን ከጨርቅ ጋር የኖረች ሴት፣ ስስ ሻሽ እንኳ ክንዷ ላይ ሲያርፍ እንደ ሳማ ይለበልባታል። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ፤ ለሰው የምታሳየው ነገር የለም።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን እጇን ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ «እጁስ ደህና ነው፤ አንቺ ነሽ ያስጨነቅሽው» አላት። ሦስት ቀን አላናገረችውም። እሷን ለሚያውቅ ሰው ዝምታዋ ከእርግማን ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ባልየው እንዳይነካት እየተጠነቀቀ የአልጋው ጠርዝ ላይ ነበር የሚተኛው።

የታዘዘላት ክኒን ሕመሙን ትንሽ ቢያደነዝዘውም እሷንም አብሮ አደነዘዛት። የአንዱን ደንበኛ ሸሚዝ ኪስ ጀርባው ላይ ሰፍታ ካስረከበች በኋላ ሱቋን ዘጋች።

በስድስተኛው ወር የነርቭ ሐኪሟ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፣ ባልና ሚስቱን አስቀምጠው «ሕመሙ የሚመጣው ከክንድዎ አይደለም፤ ከአንጎልዎ ነው» አሏት።

«ከባሌ ጋር ተማክራችኋል ማለት ነው?»

«ውሸትዎን ነው አላልኩም» አሉ ሐኪሙ ፈገግ ብለው። «ስትሮኩ የጎዳው የስሜቱን መስመር ነው። ክንድዎ ምንም ሳይሆን አንጎልዎ ‹ተቃጠልኩ› የሚል መልእክት ይሰማል። ሕመሙ የእውነት ነው፤ የሚነሳበት ቦታ ነው ሌላ።»

ባልየው «ሞተሩ ደህና ሆኖ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት እንደሚበራው ነው?» አለ።

«እንደሱ ነው። ልዩነቱ፣ ይሄ መብራት ያቃጥላል።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ በማግኔት ኃይል አንጎልን የሚቀሰቅስ መሣሪያ እንዳለ ነገሯት። ቀዶ ጥገና የለውም፤ ራስ ቅል አይከፈትም። «ለሁሉም ሰው አይሠራም። ለሠራለትም ያቀልለታል እንጂ ነቅሎ አይጥልለትም። ይህን አውቀው ይግቡበት።»

«ዶክተር፣ ለዚህ ክንድ ማቅለልም ሰርግ ነው» አለች።

ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ ነበር። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ናት። መጀመሪያ «የሚጥል በሽታ ነበረብዎ? ጭንቅላትዎ ውስጥ የተተከለ ብረት አለ?» እያለች ጠየቀች። ቀጥላ «እትዬ፣ የለበሱትን ብረት ሁሉ ያውልቁልኝ» ስትላት፣ መርፌ ጉትቻዋን አወለቀች፤ ከዚያ አንገትጌዋ ላይ ተሰክተው የተረሱ አራት ስፒሎች አንድ በአንድ ነቀለች።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለች ባለሙያዋ።

«የሥራ ልብሴ ነው ልጄ። ጃርት ሆኜ ነበር የምውለው።»

ጆሮዋ በጥጥ ተደፈነ። ስምንት ቁጥር የመሰለ ሰፊ ነገር በቀኝ በኩል ራሷ ላይ ተደገፈ። ጠቅ ሲል የግራ አውራ ጣቷ ሳታዘው ብድግ አለ።

«ማነው የጎተተው?»

«ራስዎ ነዎት። እኛ አንጎልዎን ብቻ ነው የቀሰቀስነው።»

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይልና ያርፋል፤ እንደገና ይጀምራል። ራሷን በጣት የሚቆረቁራት ሰው ያለ መሰላት እንጂ ብዙም አላመማትም። በሃያ ደቂቃ አለቀ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያተረፈላት ራስ ምታት ብቻ ነበር። በየቀኑ ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው ስትባል፣ በየቀኑ ዘጠኝ ትላለች። ዓርብ ዕለት በመንገድ ላይ «ሰኞ አልመጣም፤ በቃኝ» አለች።

ባልየው ጥቂት ተራመደና ቆመ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ስነዳ መስተዋት ውስጥ የሚታየኝን ብቻ ነበር የማምነው። ያንቺ ሕመም አልታየኝም፣ አላመንኩሽም። ይቅር በይኝ።» ቀጠለና «ሰኞ ግን እንሂድ» አለ።

ሰኞ ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛው ቀን፣ በአውቶብስ ሲመለሱ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ስትነቃ የባሏ ኮት ትከሻዋ ላይ ተደርቧል፤ የኮቱ ከባድ ጨርቅ ባዶ ግራ ክንዷ ላይ ተኝቷል። እሷ አየችው፤ ክንዷም ያቃጥላታል፣ ግን እንደ ራቀ እሳት ነው፤ ወላፈኑ እንጂ ነበልባሉ አይደርስባትም።

«ማን አለበሰኝ?»

«እኔ ነኝ… ሲበርድሽ ጊዜ ረስቼው ነው። ላንሳው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምስት ፌርማታ ይሆናል።»

«ተወው» አለች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ባልየው እሱ የሚነዳ ይመስል ዓይኑን ከፊት ለፊቱ መንገድ አልነቀለም፤ እጁን ግን ቀስ ብሎ ኮቱ ላይ አሳረፈ። አልገፋችውም።

በማግሥቱ ባለሙያዋ ስንት ነው ስትላት «ስድስት» አለች። አሰብ አደረገችና «አይ፣ አምስት ተኩል። ልብስ ሰፊ ግማሿን አይተዋትም» አለች። በአሥረኛው ቀን አራት ደረሰ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ወደ ሰባት ተመለሰ፤ ያ ሁሉ ተስፋ ሊቀር ነው ብላ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። ሐኪሙ ግን ይህን አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ሦስት ቀን ደግማ ስትታከም ወረደላት፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ትሄዳለች። ብርድ ሲሆን አሁንም ክንዷን አቅፋ የምትውልበት ቀን አለ። ክኒኑ ግን በግማሽ ተቀንሷል፤ አእምሮዋ ጠርቷል፤ ባሏም ከአልጋው ጠርዝ ወደ መሐል ተመልሷል።

ሱቋን እስከ ቀትር ብቻ መክፈት እንደጀመረች ጎረቤቷ ባለ ሱቅ ብቅ ብሎ «ዳንሽ እንዴ?» አላት።

«አልዳንኩም። ግማሽ ቀን ሠራተኛ፣ ግማሽ ቀን በሽተኛ ነኝ» አለችው። «ባለፈው ዓመት ሙሉ ቀን በሽተኛ ነበርኩ። እድገት ነው የተሰጠኝ።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተራ ትጠብቅ ወደነበረችው ደንበኛ ዞረች።